ተጎታቿን ማደሪያ ስናደርጋት፦ ጥያቄና መልስ

ትንሽ የዕቃ ተጎታች ወደ ማደሪያ ቤት መለወጥ የጀመሩ የሀዋሳ አንባቢዎች ከላኩልን ጥያቄዎች የዛሬዎቹ አራት ናቸው።

ጥያቄ፦ ወደ ሻሸመኔ ስነዳ ፍጥነት ስጨምር ተጎታቿ ግራ ቀኝ ትወዛወዛለች። ጎማ ልቀይር?

መልስ፦ መጀመሪያ ክብደቱ የት እንዳረፈ ይዩ። አልጋውም የውሃ ጀሪካኑም ከኋላ ከሆኑ ፊቷ ይቀልና ኋላዋ መኪናውን ማወዛወዝ ይጀምራል። ከጠቅላላ ክብደቷ ከ10 እስከ 15 በመቶው መጎተቻው (ከመኪናው ጋር የምትያያዝበት ጫፍ) ላይ ማረፍ አለበት፤ ሙሉ ጭነቷ 600 ኪሎ ከሆነ ከ60 እስከ 90 ኪሎ ማለት ነው። ለመለካት ደልዳላ ቦታ ላይ ጎማዎቹን በድንጋይ ያስደግፉ፤ የሰው ሚዛን ላይ የአጣና ቁራጭ ያቁሙና መጎተቻውን በሚጎተትበት ከፍታ ልክ ያሳርፉበት። ዕቃው ሁሉ ገብቶ፣ ጀሪካኑም ሞልቶ ይለካ። ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 40 ኪሎ ነው፤ ከአክስሉ ትንሽ ወደፊት ማምጣቱ ብቻ ትልቅ ለውጥ አለው። መኪናዎ መጎተቻው ላይ ስንት ኪሎ እንደሚችል ግን ከማኑዋሉ ያረጋግጡ። መንገድ ላይ ከተወዛወዘች እግርዎን ከነዳጅ መስጫው ያንሱ፣ መሪውን ቀጥ አድርገው ይያዙ፤ ፍሬን በድንገት አይርገጡ።

ጥያቄ፦ በያጁ ለቤቱ አጽም ባለ 40 በ40 ቱቦላሬ (አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) ይሻላል አለኝ።

መልስ፦ ለዚህ ሥራ ይበዛል። ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር የሆነው 40 በ40 በሜትር 2.3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ባለ 1.5 ሚሊ ሜትሩ 30 በ30 ግን 1.3 ነው። 40 ሜትር ቢፈጅ ልዩነቱ 40 ኪሎ ነው። ጥንካሬውን ማዕዘን ላይ በሚበየዱ ሰያፍ ድጋፎች ያግኙት። ብየዳው ያቃጠለውን ቦታ ፍቀው ፀረ ዝገት ቀለም ሳይቀቡ ኮምፔርሳቶ አይምቱ። የኮምፔርሳቶውንም ጠርዝ አስቀድመው ይቀቡ፤ መበስበስ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ሳይዘንብ ሌሊት ጣሪያው ያንጠባጥባል። ሲልከን ልጨምር?

መልስ፦ አይጨምሩ፤ ትንፋሻችሁ ነው። እርጥበቱ ቀዝቃዛ ላሜራ ሲነካ ውሃ ይሆናል። አንድ መተንፈሻ ከታች፣ ሌላ በተቃራኒው ከላይ ይክፈቱ፤ ሐይቅ ዳር ለሚያድር ሁለቱም ላይ የወባ ትንኝ ወንፊት ግድ ነው። ፎም ሲለጥፉ ቱቦላሬውንም ይሸፍኑ፤ ባዶ የቀረ ብረት ማንጠባጠቡን አይተውም።

ጥያቄ፦ ቡታጋዙ አልጋ ስር ቢሆንስ?

መልስ፦ በፍጹም። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ካፈተለከ ወለሉ ላይ ይተኛል። ሲሊንደሩ ውጭ፣ ከፊት፣ ታቹ በተበሳ ሣጥን ይቀመጥ፤ ክብደቱንም ከመጎተቻው ሒሳብ ውስጥ ያስገቡት። እኛን ይበልጥ የሚያስፈራን ከሰል ነው። ቡና ተፈልቶበት ፍሙ አመድ የለበሰ ምድጃ ለሙቀት ተብሎ ወደ ውስጥ እንዳይገባ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ምድጃው ውጭ ይደር።