የድሬዳዋ ዛፍ ዘር አልበቅል ላለሽ እህቴ፣ ከአዳማ

ሐዋሳ ሆነሽ የጠየቅሽውን አሁን ነው ያየሁት። የድሬዳዋ ዛፍ ሦስት ጊዜ ዘርተሽ አንድም አልወጣም። ዘሩ ሞቶ ይሆን ወይስ አፈሩ ነው ብለሻል። ከአጥርሽ ሥር ደግሞ አምስት ዓመት የሞላው አለ፣ አበባ ግን አላሳየሽም። ሁለቱም በእኔ ደርሰዋልና ትንሽ ላርዝመው።

ዘርሽ አልሞተም። ችግሩ ቅርፊቱ ነው፣ እንደ ድንጋይ ስለሆነ ውሃ አያስገባም። እኔም መጀመሪያ ዝም ብዬ ዘርቼ ሁለት ወር ሙሉ ጠዋት ማታ ውሃ አጠጣሁ። ተስፋ ቆርጬ አፈሩን ስጭረው ዘሩ እንዳስቀመጥኩት ነው፣ አልለሰለሰም፣ ቀለሙ እንኳን አልተለወጠም።

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ጥፍር መቁረጫ ውሰጂ። ዘሩ ረዘም ያለ ነው፣ በአንዱ ጫፍ ከፍሬው ጋር ተያይዞ የነበረበት ነጥብ አለው። እሱን አትንኪው፣ ሥሩ የሚወጣው በዚያ በኩል ነው። በተቃራኒው ጫፍ ቅርፊቱን ትንሽ ብቻ ግመጪው። ቡናማው ተነሥቶ ከሥሩ ነጣ ያለው ሲታይሽ አቁሚ። መቁረጫው እምቢ ካለሽ ብርጭቆ ወረቀት ላይ ፈግፍጊው። ከዚያ ለብ ባለ ውሃ ነክረሽ አሳድሪው። ጠዋት ስታዪው ውሃ የጠጣው አብጦ፣ ለስልሶ፣ እጥፍ ሆኖ ይጠብቅሻል። እንደነበረ የቀረ ካለ ደግመሽ ግመጪና መልሰሽ ንከሪው። ውሃ አፍልተው ከእሳት ካወረዱ በኋላ ዘሩ ላይ የሚያፈሱም አሉ። ለብዙ ዘር ያ ይቀላል፣ ግን እሳት ላይ እያለ እንዳትጨምሪው፣ ይቀቀልብሻል። ለአሥር ለሃያ ዘር ጥፍር መቁረጫን የሚያህል የለም።

ያበጠውን በዚያው ቀን ጥቁሩ የችግኝ ፕላስቲክ ውስጥ ክተቺው። አሸዋ የበዛበት አፈር ይሁን፣ ጥልቀቱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል። ሙቀት ካገኘ በሁለት ሳምንት ውስጥ አንገቱን አጎንብሶ ብቅ ይላል። መጀመሪያ ሁለት ወፋፍራም ቅጠሎች ናቸው፣ ከዚያ ላባ የመሰለው ይከተላል። ማታ ማታ ቅጠሉን ሲያጥፍ ታይዋለሽና ደረቀብኝ ብለሽ ውሃ እንዳትጨምሪበት። ችግኝ የሚገድለው ጥማት ሳይሆን ሁልጊዜ ረግረግ ያለ አፈር ነው። ክረምት ሲገባ መሬት ላይ አውጪው፣ ፕላስቲክ ውስጥ ከቆየ ሥሩ እየተጠማዘዘ ይበላሻል።

አሁን ወደ አጥርሽ። እዚህ ላይ በግልጽ ልንገርሽ፣ ከአበባው ይልቅ ያሳሰበኝ ይሄ ነው። የዚህ ዛፍ ሥር ከላይ ከላይ ነው የሚሄደው፣ ወፍራም ነው፣ ወደ ጎን ነው የሚዘረጋው። የመጀመሪያውን ዛፌን ከብሎኬት አጥሩ አንድ ሜትር ተኩል ርቀት ላይ ተከልኩት። ችግኝ ሲሆን ማን ያስባል፣ ክንድ የማያህል ነገር ነው። በስምንተኛው ዓመት ግን አጥሩ ከታች እስከ ላይ ተሰነጠቀ፣ የበረንዳውም ሲሚንቶ ጉብ አለ። አጥሩ ከጎረቤት ጋር የጋራ ነበርና ማሠሪያውን ከፈልኩ። ዛፉን ያስቆረጥኩት ገና ለሁለተኛ ጊዜ ሲያብብ ነው። ያን ቀን ግቢ ውስጥ መቆም አቃተኝ። ከዚያ ወዲህ ከቤትም ከአጥርም ከመጸዳጃ ጉድጓድም ቢያንስ ስምንት ሜትር አርቁ እላለሁ። ያንቺ ሁለት ሜትር ካልሞላው፣ ሳያብብና ሳትወጂው አሁኑኑ አንሺውና አዲሶቹን ችግኞች መሃል ላይ ትከያቸው።

ራቅ ያለ ከሆነ ደግሞ ታገሺው። ከዘር የበቀለ አምስት ዓመት ላይ ሊያብብ ይችላል፣ አሥርና ከዚያ በላይ የሚቆይም አለ። ፍግ ትጨምሪለታለሽ? ቧንቧ ከጎኑ ነው? እንደዚያ ከሆነ ቅጠሉ እያማረ አበባው ይዘገያል። ስሙ የድሬዳዋ ይሁን እንጂ አገሩ ማዳጋስካር ነው። በጋው ደረቅ የሆነበትን ቦታ የለመደ ዛፍ ነው፣ በበጋ ቅጠሉን አራግፎ ያርፋል። እኔ ሦስት ዓመት ካለፈው ዛፍ ላይ ውሃውን ከጥር ጀምሮ አቆማለሁ፣ ፍግም አልሰጠውም። ሙሉ ፀሐይም ይፈልጋል፣ ጥላ ሥር ከሆነ አትጠብቂው። የባቄላ ዘመድ ስለሆነ አፈር ያዳብራል የሚሉሽን ደግሞ አትስሚ፣ ሥሩን አይቼዋለሁ፣ ባቄላ ሥር ላይ የምናውቀው እባጭ የለውም።

እኛ ጋ ነፋሱን ታውቂያለሽ፣ አዳማ አፋፉ ላይ የነፋስ ተርባይን የተተከለው በከንቱ አይደለም። ቅርንጫፉ ተሰባሪ ስለሆነ ልጅ እያለ አንድ ግንድ አስይዤ፣ በሁለት የሚከፈለውን ቅጠሉ በረገፈበት ጊዜ እቆርጣለሁ። ሐዋሳ ላይ ነፋሱ ቢቀልም ይህን አትተዪው።

ግቢሽ ጠባብ ከሆነ ዘመዱ የሆነችውን ትንሿን ፈልጊ። ቀይና ቢጫ አበባ አላት፣ ቁመቷ ከሦስት ሜትር ብዙም አያልፍም፣ በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ታብባለች። ዘሯንም በዚያው በጥፍር መቁረጫ ነው የምታስነሺው።

አሁን ሜትር ይዘሽ ውጪና ከግንዱ እስከ አጥሩ ለክተሽ እዚሁ ጻፊልኝ። ዘሩ ካለቀብሽም ንገሪኝ፣ ያ ሰይፍ የመሰለ ጥቁር ፍሬ ከዛፌ ሥር ወድቆ ሞልቷል፣ ሐዋሳ የሚመጣ ሰው አላጣም።