ከአንባቢዎች ጥያቄ፦ የእንጨት ቼዝን ውድ የሚያደርገው ምኑ ነው?

ጥያቄ፦ ሰበታ አካባቢ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። በቶርኖ፣ እንጨቱን እያሽከረከረ በሚያስቀርጸው ማሽን፣ የአልጋና የወንበር እግር ነው የምሠራው። አንድ ደንበኛዬ ከውጭ ያስመጣውን የእንጨት ቼዝ አሳየኝ፤ ዋጋውን ስሰማ ደነገጥኩ። ምኑ ነው እንዲህ ያስወደደው? እኔም ልሞክር ብዬ ንጉሡን ከወይራ ሠራሁ፤ ብዙም ሳይቆይ ተሰነጠቀ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቶርኖ ካለህ ሥራው ሩቅ አይደለም። ከ32ቱ ጠጠሮች የ28ቱን አብዛኛውን ሥራ ቶርኖው ይጨርስልሃል። የቀሩት አራቱ ፈረሶች ናቸው፤ ብሩም ያለው እዚያ ላይ ነው።

ዛሬ በውድድር የምናየው ቅርጽ በ1849 ለንደን ውስጥ በናትናኤል ኩክ ስም የተመዘገበው ነው። ዣክ የሚባለው ድርጅት ሸጠው፣ የዘመኑ ታላቅ ተጫዋች ሃዋርድ ስታውንተን ስሙን ሰጠው። ከታች ሰፊ፣ ወደ ላይ ቀጠን፣ ጌጡ ትንሽ። ስለዚህ ንጉሡንና ወታደሩን ጎበዝ የቶርኖ ባለሙያ ሁሉ ያወጣቸዋል። ፈረሱ ግን በእጅ ነው የሚቀረጸው፦ አፍንጫው፣ ጥርሱ፣ ጆሮው፣ ጋማው። የአንድ ወገን ሁለት ፈረሶች ደግሞ መንታ መምሰል አለባቸው። በህንድ አምሪትሳር ከተማ ፈረስ ብቻ የሚቀርጹ ባለሙያዎች አሉ፤ ሌላውን ሌላ ሰው ይሠራዋል። አንተ እንዲያውም የተሻለ ዕድል አለህ፤ በዓል ሲደርስ በሰበታና በሱሉልታ ተሸልመው የሚወጡትን ፈረሶች አንገትና ልጓም ቀርበህ አጥና። የህንዶቹን ፈረስ ከመቅዳት ያንን ብትቀርጽ በጣም ነው ደስ የሚለኝ። ስትቀርጽ የእንጨቱ ጭረት (በቁመቱ የሚሄደው የተፈጥሮ መስመሩ) በአንገቱ ቁመት ይሂድ፤ ያለዚያ አንገቱ በትንሽ ግፊት ይሰበራል። ወደ ፊት የወጣው አፍንጫና ቀጭኑ ጆሮም እንዳይፈነቀሉ ስስ በሆነ ስለታም መሮ ቀስ እያልክ ሥራ።

ስለ ስንጥቁ፦ እርጥብ እንጨት ነው ጉድ የሠራህ። እንጨት ሲደርቅ በቁመቱ ብዙም አያጥርም፣ በስፋቱ ነው የሚኮማተረው፤ ያውም በግንዱ ዙሪያ የሚኮማተረው ወደ እምብርቱ ከሚኮማተረው ይበልጣል። ስለዚህ የግንዱ እምብርት መሐሉ ላይ ያለበት ድቡልቡል ጠጠር የሆነ ቦታ መከፈቱ አይቀርም። እናንተ ጋ ደግሞ ከመስቀል በኋላ ዝናቡ ሲያባራ አየሩ በጣም ይደርቃል። ግንዱን ለሁለት ሰንጥቀህ እምብርቱን አውጥተህ ጣል፣ ጫፎቹን ሰም ወይም ቀለም ቀባ፣ ከዚያ ጥላ ውስጥ አቆየው። በተለምዶ ለሁለት ተኩል ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ገደማ ይባላል። ይህን ያህል መጠበቅ ከከበደህ ከሚፈርሱ አሮጌ ቤቶች የወይራ ምሰሶ ፈልግ። ለዓመታት ደርቆ ያለቀለት ነው፣ አዲስ ዛፍም አታስቆርጥም። ሚስማሩን ብቻ አደራ፣ መሣሪያህን ይበላብሃል።

ለነጩ ወገን ያረጀ የቡና ግንድ ሞክር፤ ፈዘዝ ያለ፣ ጥብቅና ጭረቱ ደቃቅ ነው። ቀጭን ስለሆነ ግን እምብርቱን ካወጣህ በኋላ የሚበቃ ውፍረት ያለው መምረጥ አለብህ። መጠኑን በተመለከተ ዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን ለንጉሡ 9.5 ሴንቲ ሜትር ቁመት ይመክራል፤ የሰሌዳው አንድ ቤት ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ነው። ከሥሩ ብረት ክተትበትና ጨርቅ ለጥፍበት፤ ጠጠሩ እጅ ላይ ከበድ ሲል ነው ገዢው የሚወደው።

ጥያቄ፦ ከለገጣፎ ነው የምጽፈው። ለልጄ የገዛሁት ቼዝ ጥቁሮቹ ዞጲ ከሚባለው ጥቁር እንጨት የተሠሩ ናቸው ተብዬ ነው። እውነት ዞጲ መሆናቸውን በምን ልወቅ?

መልስ፦ እህቴ፣ ነጭ ጨርቅ ላይ ትንሽ አልኮል አድርገው ከሥር በማይታይ ቦታ ይሹት። ጨርቁ ከጠቆረ ቀለም ነው ማለት ነው። ጥሩ ቀለም ላይለቅ ስለሚችል የታችኛውን ጨርቅ ጠርዙን ገለጥ አድርገው ውስጡንም ይዩ፤ ዞጲ እስከ ውስጡ ድረስ ጥቁር ነው። ውኃ ውስጥ ከቶ መሞከር የሚሉዎትን አይስሙ፤ ብረት የተከተተበት ጠጠር የምንም እንጨት ቢሆን ሊሰጥም ይችላል። ጥቁር የተቀባ ጠጠር በራሱ መጥፎ አይደለም፣ ጥሩ ጥሩ ቼዞችም እንደዚያ ይሠራሉ። በዞጲ ዋጋ ከሸጡልዎት ግን ሄደው ብርዎን ይጠይቁ።