መልስ፦ ቻርጅ ላይ ተሰክቶም የስልኬ ባትሪ ለምን ይወርዳል?

ሞተር ሳይክል ላይ ካርታ ከፍተህ ስትነዳ የስልክህ ባትሪ የሚወርደው ቻርጀሩ ስለማይበቃው ነው። 5 ቮልት 1 አምፒር ማለት 5 ዋት ብቻ ነው፤ ብርሃኑ እስከ ጥግ የተከፈተ ስክሪንና ጂፒኤስ ያንኑ ይጨርሱታል።

1. 18 ዋትና ከዚያ በላይ የሚሰጥ፣ ውሃ የማያስገባ ቻርጀር ግጠም። ገመዱ አጭርና ወፈር ያለ ይሁን፤ ቀጭንና ረጅም ገመድ ኃይል ያባክናል።

2. ፖዘቲቩ ሽቦ ላይ፣ ከሞተር ሳይክሉ ባትሪ አጠገብ፣ 5 አምፒር ፊውዝ አስገባ። ቁልፍ ሲዘጋ እንዲቋረጥ በሪሌ (በቁልፉ የሚታዘዝ የኤሌክትሪክ ማብሪያና ማጥፊያ) በኩል አገናኘው፤ አለበለዚያ ሞተሩ ለቀናት ከቆመ ባትሪውን ሊያደርቀው ይችላል።

3. ካርታውን ቀድመህ አውርድ፤ ኔትወርክ በሌለበት ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ (ኔትወርክ የሚያጠፋው ቅንብር) ላይ አድርገህ ትጠቀምበታለህ። አለበለዚያ ስልኩ ሲግናል ሲፈልግ ብዙ ባትሪ ይበላል።

ስልኩን መሪው ላይ እንዲሁ አትሰር። የሞተሩ ንዝረት የካሜራውን ማረጋጊያ (ምስል እንዳይንቀጠቀጥ የሚያደርገውን ክፍል) ሊያበላሽ ይችላል (አፕል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2021 አስጠንቅቋል)፤ ንዝረት የሚውጥ ጎማ ያለው መያዣ ግዛ።