አረጋጋጩ ባምብልቢዬን ለምን አልተቀበለም?

ጥያቄ፦ ለንደን ነው የምኖረው። ፓርክ ውስጥ ጭራዋ ነጭ የሆነ ባምብልቢ (ትልቅና ጸጉራም የንብ ዓይነት) ፎቶ አንስቼ አይሪከርድ ላይ (ሰዎች ያዩትን እንስሳና ዕፅዋት የሚመዘግቡበት የብሪታንያ ድረ ገጽ) «ቦምበስ ሉኮሩም» በሚል የዝርያ ስም ባስገባም፣ መዝገቦችን የሚያጣራው ባለሙያ፣ ማለትም አረጋጋጩ፣ አልተቀበለኝም። ጥፋቴ ምንድን ነው?

መልስ፦ የፎቶው ጥራት አይደለም። ሉኮሩምን የምትመስል ቦምበስ ቴሬስትሪስ የምትባል ሌላ ዝርያ አለች። የቴሬስትሪስ ንግሥት ጭራዋ ወደ ቡናማ ይወስደዋል፤ የሠራተኞቿ ግን ነጭ ስለሚመስል ከሉኮሩም ሠራተኞች በዓይን በእርግጠኝነት አይለዩም። ሠራተኛ ከሆነች በጥቅሉ «ሉኮሩም/ቴሬስትሪስ» ብለው ይመዝግቡ። ይህ ሽንፈት አይደለም፤ በግምት ከተጻፈ ስም በብዙ ይሻላል።

ከላይ፣ ከጎን እና ከፊት ያንሷት። የኋላ እግሯም ይታይ፦ ጠፍጣፋና አንጸባራቂ ከሆነ የአበባ ዱቄት መያዣዋ ነው፤ ጸጉራም ከሆነ ወንድ ወይም በሌሎች ጎጆ የምትፈለፍል ኩኩ ባምብልቢ ልትሆን ትችላለች። ክንፏ ሁለት ብቻ ከሆነማ ንብ የምትመስል ዝንብ ናት! አልቀመጥ ካለች በብርጭቆ ይያዟትና አንስተው እዚያው ይልቀቋት።

መዝገቡ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ማን የሚሉትን ይመልስ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው «የት» ላይ ነው፤ ማታ ቤቱ ሆኖ ሲሞላ ስልኩ የቤቱን ቦታ ያስገባበታል። በብሪታንያ ካርታ ሁለት ፊደልና 6 አኃዝ ያለው የቦታ ቁጥር 100 በ100 ሜትር ስለሚያመለክት ለፓርክ ይበቃል።