የጃይሮፕሌን ሮተር በእጅ ወይስ በፕሪሮቴተር?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ ያገለገለች ባለ አንድ ወንበር ጃይሮፕሌን (በክንፍ ፈንታ ከላይዋ አየሩ በሚያዞረው ሮተር የምትበር ትንሽ አውሮፕላን) ገዝቻለሁ። ፕሪሮቴተር፣ ማለትም ከመንደርደር በፊት ሮተሩን የሚያዞር መሣሪያ፣ የላትም፤ ሮተሯን ወንበሬ ላይ ተቀምጬ በእጄ እየገፋሁ ነው የማስነሳው። ነፋስ በሌለበት ቀን ክንዴ እስኪዝል ብገፋም ዙሩ አይመጣልኝም። በቀደም ተበሳጭቼ ነዳጅ ጨመር ሳደርግ ስቲኩ (የመሪው ዱላ) ከእጄ ሊወጣ እስኪል ተንቀጠቀጠ፣ ከላይም ‹ጓ ጓ› የሚል ድምፅ ሰማሁ። የኤሌክትሪክ ፕሪሮቴተር ልግጠም ወይስ አገፋፌ ላይ ነው ችግሩ?»

ወንድሜ፣ ስለ ፕሪሮቴተሩ ከማውራታችን በፊት ያ «ጓ ጓ» ይቅደም። ባለ ሁለት ብሌድ (ባለ ሁለት ምላጭ) ሮተር መሃሉ ላይ ባለው ብሎን ተንጠልጥሎ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል። የሰማኸው ድምፅ ሮተሩ ከልኩ በላይ ተወዛውዞ መገደቢያውን ሲመታ ነው። ስለዚህ ማሽኗ ሳትፈተሽ አትነሳም። መገደቢያዎቹንና መሃለኛውን ብሎን ከነማረፊያው እይ፤ የብሌዶቹ ሥር የታሰረባቸውን ብሎኖች፣ ብሌዶቹን የሚይዘውን ብረት፣ ከስቲኩ ወደ ላይ የሚሄዱትን ዘንጎች፣ ምሰሶውን አንድ በአንድ መርምር። የራደሩን (የጅራቱን መሪ) ጫፍና ፕሮፔለሩንም አትርሳ፤ ሮተሩ ወደ ኋላ ሲወርድ የሚያገኘው እነሱን ነው። ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ወይም የተጣመመ ብሎን ካገኘህ ዕቃው ይቀየራል እንጂ አይቃናም። ዓይንህን ካላመንክ በጃይሮፕሌን የሠራ መካኒክ ይይልህ።

አሁን ምን እንደሆነ በቁጥር ላሳይህ። ሮተርህ ጫፍ ለጫፍ 7 ሜትር ነው እንበል። በእጅህ ገፍተህ በደቂቃ 60 ዙር ብታደርሰው፣ የብሌዱ ጫፍ በሰዓት 79 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። አንተ ደግሞ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እየተንደረደርክ ነው። ወደ ፊት የሚመጣው ብሌድ ጫፍ 109 ኪሎ ሜትር ነፋስ ይገጥመዋል፤ ወደ ኋላ የሚሸሸው ግን 49 ብቻ። የማንሳት ኃይል የሚያድገው በፍጥነቱ ስኩዌር ልክ ስለሆነ አንዱ ወገን የሌላውን አምስት እጥፍ ያህል ለማንሳት ይፈልጋል። ከብሌዱ እኩሌታ ላይ ደግሞ ይብሳል፦ እዚያ አንዱ 70 ሲያገኝ ሌላው የሚያገኘው 10 ነው፤ ቆሟል ማለት ይቻላል። ሮተሩ ልዩነቱን ለማቻቻል ይወዛወዛል፣ ልዩነቱ ከአቅሙ ሲያልፍ መገደቢያውን ይመታል። ያንኑ 30 ኪሎ ሜትር በ200 ዙር ብትሄደው የጫፉ ፍጥነት 264 ስለሚሆን ልዩነቱ ወደ 1.6 እጥፍ ይወርዳል። ይህን ሮተሩ በቀላሉ ይችለዋል።

ስለዚህ ያንን ቀን ጥፋቱ የዙር ማነስ ብቻ አልነበረም፤ ዙሩ ሳይደርስ ፍጥነቱ ቀደመው። ያ 30 ኪሎ ሜትርም የአየር ፍጥነት መሆኑን ልብ በል። ከፊት 20 የሚነፍስ ከሆነ መሬት ላይ 10 ስትሄድ ብሌዱ 30 እየበላ ነው። ዓይንህ የሚያየው መሬቱን ነው፣ ብሌዱ የሚያውቀው አየሩን።

በእጅ ማስነሳት ነውር የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ኢጎር ቤንሰን ሰው በራሱ ጋራዥ እንዲሠራቸው ብሎ ያወጣቸው ቀላል ጃይሮኮፕተሮች (ያው ጃይሮፕሌኖች) በእጅ ነበር የሚነሱት። ከእሱ በፊት እ.ኤ.አ. በ1923 የመጀመሪያውን ስኬታማ አውቶጃይሮ (ጃይሮፕሌን ያኔ የተጠራበት ስም) ሠርቶ ለበረራ ያበቃው ስፔናዊው ሁዋን ዴ ላ ሲዬርቫም በዚሁ ችግር ብዙ ደክሟል፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሠራተኞች ሮተሩ ላይ ገመድ ጠምጥመው እየጎተቱ ያዞሩለት ነበር፣ በኋላ የፕሮፔለሩን ነፋስ ወደ ላይ የሚመልስ ጅራት ሠራ፣ በመጨረሻም ከሞተሩ በፍሪሲዮን ኃይል ወደ ሮተሩ ወሰደ። ዛሬም ያሉን አማራጮች ከዚያ ብዙም አልራቁም።

አገፋፉ እንዲህ ነው። አፍንጫዋን ቀጥታ ወደ ነፋሱ አዙር፣ የሮተሩ ፍሬን መለቀቁን አረጋግጥ፣ ስቲኩን ወደ ፊት አድርገህ ሮተሩን ከመሬት ጋር ትይዩ አድርገው። ቀለበትና ሰዓት አውልቅ፣ ጓንት አድርግ፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ነገር አይኑር። ሮተርህ ከላይ ሲታይ ከሰዓት በተቃራኒ የሚዞር ከሆነ ብሌዱ ከፊትህ ከቀኝ ወደ ግራ ያልፋል። ከሥሩ አጠገብ በተዘረጋ መዳፍ ግፋው፣ አትጨብጠው። መጀመሪያ ረጅም ግፊት፣ ፍጥነቱ ሲጨምር ደግሞ ልክ እንደ ከበሮ መቺ አጭርና ተከታታይ ምት። በአንድ ሴኮንድ ሁለት ብሌድ ካለፈብህ 60 ዙር ደርሰሃል፤ ከዚህ በላይ ክንድ ብዙም አይጨምርም። ከ60 ወደ 200 ለመውጣት ሮተሩ ውስጥ የሚከማቸው ጉልበት 11 እጥፍ መሆን አለበትና ያንን ከትከሻህ አትጠብቅ፣ ከነፋሱ ነው የሚመጣው።

ከዚያ ስቲኩን ቀስ እያልክ ወደ ኋላ ሳብ። አየሩ ከሥር ወደ ላይ በሮተሩ ውስጥ ማለፍ ይጀምራል፣ የሚያፈጥነው እሱ ነው። በእርምጃ ፍጥነት ጀምር፤ ዙሩ ሲጨምር ብቻ አንተም ጨምር። ስቲኩ ትንሽ መምታት ከጀመረ ነዳጁን ቀንስ፣ ስቲኩን ወደ ፊት መልስ፣ ጋብ ሲል እንደገና ሞክር። ብዙዎች እዚህ ላይ ነው የሚቸኩሉት፦ ማኮብኮቢያው እያለቀ ይመስላቸውና ነዳጅ ይጨምራሉ። ማኮብኮቢያው ካለቀ አቁመህ መመለስ ነው። ስትመለስ ደግሞ ሮተሩ እየዞረ ነፋሱን ከጀርባህ አታድርግ፤ መጀመሪያ ይብረድ።

ሞተሩ እየሠራ ውጭ ቆሞ ብሌድ መግፋት ግን እንዳትሞክረው። ፕሮፔለሩ ከጀርባህ ነው፣ ዓይንህ ወደ ላይ ነው፣ ሌላውን አንተ ጨርሰው።

ክንድህ ከቀድሞው በባሰ የሚዝል ከሆነ ማሽኑንም ጠርጥር። የሮተሩ ፍሬን በትንሹ እየነካ ሊሆን ይችላል። ብሌዶቹን አውርደህ የሮተሩን ራስ በጣትህ አዙረው፤ ከሻከረ ወይም ከያዘ ኩሽኔታው ነው። የተጨፈለቁ ነፍሳት የተለጠፉበት ብሌድም ሰነፍ ነው፣ እጠበው። ብሌዶቹ የታሰሩበት ማዕዘን ሲጨምርም በእጅ ለማስነሳት ያስቸግራሉ። ይህን ግን በአምራቹ ልክ ካልሆነ አትንካው፤ ለአነሳስ ብለህ ስትቀንሰው በረራ ላይ ያለውን ዙር ትለውጣለህ።

ወደ ጥያቄህ ስመጣ፦ አዎ፣ ግጠም። ግን የምትገዛው የክንድህን ዕረፍትና አጭር መንደርደሪያ እንጂ ከዚያ መንቀጥቀጥ ነፃ መሆንን አይደለም። ፕሪሮቴተር ያላቸው አብራሪዎችም ሮተራቸውን ያጋጫሉ፤ እንዲያውም የእነሱ የከፋ ነው፣ ምክንያቱም ዙሩ ሳይበቃ ወይም ስቲኩን ወደ ኋላ መሳብ ረስተው ሙሉ ነዳጅ ይሰጣሉ። ቅደም ተከተሉ አይዛነፍ፦ የጎማ ፍሬን ተይዞ፣ ስቲክ ወደ ፊት ሆኖ ሮተሩ ይዞራል። የሚፈለገው ዙር ሲደርስ ፕሪሮቴተሩ ይለቀቃል፣ ስቲኩ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ይሳባል፣ ከዚያ የጎማ ፍሬን ተለቆ መንደርደር ይጀመራል። በመልቀቅና በመንደርደር መካከል የሚባክን ጊዜ የሰበሰብከውን ዙር ይበላብሃል።

የኤሌክትሪኩ ዓይነት እንደ መኪና ማስነሻ ያለ ሞተሪኖ ነው፤ ቤንዲክሱ (ትንሹ ባለጥርስ) ወጥቶ ሮተሩ ራስ ላይ የተገጠመ ባለጥርስ ቀለበት ይይዛል። ለመግጠም ቀላል ነው። ነገር ግን ሞተሪኖ ለአጭር ጊዜ የተሠራ ዕቃ ስለሆነ ደጋግመህ ብትይዘው ይቃጠላል፣ ባትሪህም ጠንካራ መሆን አለበት። ከሞተሩ በቺንጋና በተጣጣፊ ዘንግ ኃይል የሚወስደው ሜካኒካሉ 200 ዙርና ከዚያም በላይ ያደርሳል፤ ክብደቱና ጥገናው ግን ይበዛል፣ ፍሪሲዮኑም በዝግታ ካልተያዘ ዘንጉን ይጠመዝዘዋል። ለአንተ ባለ አንድ ወንበር፣ ረጅም ሜዳ ካለህ፣ ኤሌክትሪኩ ይበቃል። ክንድህ ያቆመበትን አልፎ ይወስድሃል፣ የቀረውን ነፋሱ ይሠራል።

ስትገጥም ብሌዶቹን የሚይዘውን ብረት አትብሳ። ቀለበቱ ለሮተርህ ራስ ተብሎ የተሠራ፣ በነበሩት ብሎኖች የሚታሰር ካልሆነ ተወው። ላይ የጨመርከው ክብደት የማሽኗን ሚዛን ስለሚነካ፣ አንተ ወንበሩ ላይ ተቀምጠህ ከመሃለኛው ብሎን አንጠልጥለህ ማዘንበሏን እንደገና ለካ፣ ከአምራቹ ልክ ጋር አስተያየው። የሮተር ዙር መቁጠሪያ ከሌለህ ደግሞ ከፕሪሮቴተሩ በፊት እሱን ግዛ፤ ዋጋው ያንሳል፣ በእጅ እየገፋህም ቢሆን ከዛሬ ጀምሮ ትጠቀምበታለህ።