ረድፉ ቢሰረዝም የማይጠፋው ባንዲራ

ጥያቄ፦ በአንድ አስመጪ ድርጅት ሒሳብ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ባንኮች የየራሳቸውን የምንዛሪ ተመን ስለሚያወጡ፣ በየማለዳው የሦስት ባንኮችን ሠንጠረዥ ከድረ ገጻቸው ኮፒ እያደረግሁ ኤክሴል ላይ ፔስት አደርጋለሁ። ችግሩ ከዶላሩና ከዩሮው ጎን ያሉት ትንንሽ ባንዲራዎች፣ ቀስቶችና ባዶ ሳጥኖች ከቁጥሮቹ ጋር ተግተልትለው መምጣታቸው ነው። አንድ በአንድ ማጥፋቱ ሲሰለቸኝ የቆዩትን ረድፎች በሙሉ ሰረዝኩ፤ ፋይሉ ግን ጭራሽ አልቀለለም። አሁን እስኪከፈት ድረስ አቦል ቡና ተጠጥቶ ያልቃል። ምን ባደርግ ይሻለኛል?

መልስ፦ ኤክሴል ቁጥርንና ጽሑፍን በሴል ውስጥ ያስቀምጣል፤ ሥዕልን፣ ቀስትንና ሳጥንን ግን በአብዛኛው ከሴሎቹ በላይ ነው የሚያሳርፋቸው፤ በሰነድ ላይ እንደ ተጣለ ተለጣፊ ወረቀት ቢያስቡት ይቀላል። ስለዚህ ሴሉን መርጠው ዲሊት ሲጫኑ ቁጥሩ ይጠፋል እንጂ ባንዲራው ንቅንቅ አይልም። ረድፉን ሙሉ በሙሉ ሲሰርዙት ደግሞ ባንዲራው ወይ ቦታ ይቀይራል፣ ወይም ከሴሉ ጋር እንዲለጠጥና እንዲጠብብ ሆኖ የተቀመጠ ከሆነ ቁመቱ ዜሮ እስኪሆን ተጨፍልቆ ለዓይን የማይታይ መስመር ሆኖ ይቀራል። እያንዳንዱ ባንክ 15 ገንዘቦችን ይዘረዝራል ብንል፣ በቀን 45፣ በ22 የሥራ ቀናት 990 ባንዲራዎች ተከማችተዋል ማለት ነው።

መጀመሪያ የፋይሉን ቅጂ በሌላ ስም ያስቀምጡ። ቀጥሎ የአልትን ቁልፍ ይዘው ኤፍ 10ን ሲጫኑ በቀኝ በኩል የሚከፈተው ዝርዝር፣ በሺቱ ላይ ያሉትን ኦብጀክቶች (ከሴሎቹ በላይ ያረፉትን ሥዕሎች፣ ቀስቶችና ሳጥኖች)፣ የተጨፈለቁትንም የተደበቁትንም ጨምሮ፣ በየስማቸው ያሳይዎታል። ይህን ሳያዩ ወደ ማጥፋት እንዳይገቡ አጥብቄ እመክራለሁ። ኮንትሮልንና 6 ቁጥርን አንድ ላይ ሲጫኑ ኦብጀክቶቹ ከዓይን ስለሚሰወሩ፣ ጸዳልኝ ብሎ ፋይሉን የዘጋ ባልደረባ አውቃለሁ፤ ሁሉም ግን በነበሩበት ነበሩ።

ከዚያም ኤፍ 5ን ይጫኑ፤ በሚከፈተው ትንሽ መስኮት ከግርጌ «ስፔሻል» የሚለውን፣ ቀጥሎ «ኦብጀክትስ» የሚለውን መርጠው ኦኬ ይበሉ። በሺቱ ላይ ያለው ኮተት ሁሉ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ትንንሽ ክቦች ይዞ ይመረጣል። ዲሊትን ለመጫን ግን አይቸኩሉ፤ የድርጅትዎ ዓርማም ሆነ ራስዎ የሠሩት ግራፍ አብሮ ተመርጧልና፣ የኮንትሮል ቁልፍን ይዘው እነዚያን አንድ አንድ ጊዜ በመንካት ከምርጫው ያውጧቸው። ይህ ትእዛዝ የሚሠራው በተከፈተው ሺት ላይ ብቻ ስለሆነ በየሺቱ መደገም አለበት። እምቢ የሚሉ ሳጥኖች ካሉ ከድረ ገጹ ቅጽ የመጡ መቆጣጠሪያዎች ናቸውና፣ «ዲቨሎፐር» በሚለው ማውጫ ሥር «ዲዛይን ሞድ»ን ካበሩ በኋላ ይመረጣሉ።

ባንዲራው ከጠፋ በኋላም ቁጥሮቹ ድምር እምቢ ሊሉ ይችላሉ። የዚህ የተለመደ ምክንያት ከድረ ገጽ የሚመጣው የማይሰበር ክፍት ቦታ፣ በኮድ ቁጥሩ 160 የሆነው፣ ከቁጥሩ ኋላ ተለጥፎ መቅረቱ ነው። ዓይን ከተራ ክፍት ቦታ አይለየውም፤ ትርፍ ክፍት ቦታን የሚያነሳው «ትሪም» የተባለው ፎርሙላም አያነሳውም። አንዱን ሴል ከፍተው ያንን ክፍት ቦታ ብቻ ኮፒ ያድርጉ፤ የተመን ዓምዶቹን ብቻ መርጠው ኮንትሮልንና ኤችን ይጫኑ፤ በሚከፈተው የመተኪያ መስኮት የላይኛው ሳጥን ውስጥ ፔስት አድርገው፣ የታችኛውን ባዶ ትተው ሁሉንም ይተኩ። የገንዘቦቹን ስም የያዘውን ዓምድ አብረው ከመረጡ ግን «የአሜሪካ ዶላር» ተጣብቆ አንድ ቃል ሊሆን ይችላል።

ከነገ ጀምሮ ደግሞ በተራው ፔስት ፈንታ ኮንትሮል፣ አልትና ቪን አንድ ላይ ተጭነው «ዩኒኮድ ቴክስት» የሚለውን ይምረጡ፤ ባንዲራም ሳጥንም አይከተልዎትም። ከአጠገቡ ያለው «ቴክስት» የሚለው ምርጫ የአማርኛውን ፊደል ወደ ጥያቄ ምልክት ሊቀይረው ስለሚችል እሱን ይተዉት። በዚህ መንገድ የሚያጡት ነገር ቢኖር የሠንጠረዡ ቀለምና ሊንኮቹ ናቸው፤ ለሒሳብ ክፍል ሁለቱም የሚያስፈልጉ አይመስለኝም።