መልስ፦ የአኳሪየም ጌጥ ላይ የተጋገረ አልጌ በበረኪና ይጸዳል?

ወንድሜ፣ የፕላስቲክ ተክሉና የሸክላ ቤቱ ላይ የተጋገረው አልጌ (ውኃ ውስጥ የሚበቅለው አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሽፋን) በበረኪና ይለቃል ወይ ላልከው፣ ይለቃል፤ ግን መጀመሪያ ጌጦቹን አውጥተህ ከዓሣ ገንዳው (ከአኳሪየሙ) በቀዳኸው ውኃ፣ ሳሙና ነክቶት በማያውቅ የጥርስ ብሩሽ እሻቸው። ስሱ አልጌ በዚሁ ስለሚነሳ ብዙ ጊዜ በረኪናውም አያስፈልግም።

ጥቁሩ፣ እንደ ጢም የተንጠለጠለው አልለቅ ካለ፣ ሽቶና ሳሙና የሌለበት በረኪና 1 እጅ ለ19 እጅ ውኃ በጥብጥ፤ ግማሽ ሊትር ለ9.5 ሊትር ማለት ነው። ከ10 ደቂቃ በላይ አትዘፍዝፍ፣ ቀለም የተቀባ ጌጥ ይደበዝዛል። ደጋግመህ አለቅልቀህ፣ ክሎሪን ማጥፊያ ከወትሮው 3 እጥፍ የገባበት ውኃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት አቆየውና ፀሐይ ላይ አድርቀው። ሲደርቅ አሽትተው፤ በረኪና በረኪና ካለ እንደገና ወደ ማለቅለቁ። አቼቶ ከበረኪና ጋር ፈጽሞ እንዳትቀላቅል፣ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

እንጨት በረኪና ስለሚመጥ እሱን ቀቅለው። ድንጋይ ግን አይቀቀልም፤ ውስጡ የታመቀው ውኃ ሲተን ሊፈነዳ ይችላል።

ሁሉንም ጌጥ በአንድ ቀን አታጽዳ፤ ከዓሣው ቆሻሻ የሚመጣውን መርዛማ አሞኒያ የሚያጠፉት ባክቴሪያዎች እዚያም ላይ ይኖራሉ። መብራቱም በቀን ከ8 ሰዓት በላይ የሚበራ ከሆነ አልጌው ቶሎ ይመለስብሃል።